ያየውን የጻፈ መንገደኛ
(የአባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሕይወት ታሪክ)



በታዋቂ ሰዎች አምዳችን ለዛሬ የመረጥነው ሰው ንጉሥ አይደለም፤ የጦር መሪም አይደለም። በበቅሎና በእግር አገር ለአገር የዞረ፣ ያየውንም እየቆጠረና እየለካ የጻፈ አንድ መንገደኛ ቄስ ነው። ስሙ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይባላል። የፖርቱጋል ሰው ሲሆን ከዛሬ አምስት መቶ ዓመት በፊት ወደ አገራችን መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጧል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለዓለም የጻፈ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እሱ ነው። የሐንና አክሱምንም አይቷል።

አንዳንዶቻችን እኛ አስተማሪ ልንሆን ነው፣ የአንድ ፈረንጅ ቄስ ጉዞ ምን ይጠቅመናል እንል ይሆናል። እስቲ ታገሡን። አልቫሬዝ ካያቸው ነገሮች ብዙዎቹ እሱ ከአገር በወጣ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በእሳት ጠፍተዋል። እሱ ባይጽፍ ኖሮ ዛሬ ስለነሱ የምናውቀው እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። ይሄ ነገር እኛንም ይነካናል፤ እንዴት እንደሚነካን መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ከኮይምብራ እስከ ምጽዋ

አልቫሬዝ የተወለደው በ1465 ገደማ ኮይምብራ በምትባል የፖርቱጋል ከተማ ነው። ክህነት ተቀብሎ በንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ ቤት ቄስ ሆነ። ለኢትዮጵያ ጉዞ ሲታጭ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። በዚያን ዘመን ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። እሱ ግን ገና መንገድ መጀመሩ ነበር።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሡ ገና ልጅ ስለነበሩ አገሪቱን በሞግዚትነት ያስተዳድሩ የነበሩት ብልኋ እቴጌ እሌኒ ናቸው። እቴጌይቱ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው ኃይል ስላሳሰባቸው፣ ባሕር ላይ ብርቱ የሆነ ወዳጅ መንግሥት ያስፈልገናል ብለው ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ፣ በመንገድም ሰላይ ነህ ተብሎ ብዙ እንግልት ደርሶበት፣ በ1514 ሊዝበን ገባ። ንጉሥ ማኑኤል ደስ ብሎት በዓመቱ የመልስ መልእክተኞች ላከ። መሪያቸው ዱዋርቴ ጋልቫዎ የሚባል ሽማግሌ ሲሆን አልቫሬዝ የቡድኑ ቄስ ሆኖ ተመደበ።

ነገሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። መርከቦቹ ቀይ ባሕር ከገቡ በኋላ መልእክተኞቹን ኢትዮጵያ ምድር ላይ ሳያወርዱ ቀሩ። ሽማግሌው ጋልቫዎም በ1517 ከማራን በምትባል የቀይ ባሕር ደሴት ላይ ሞተ። የቀሩት ወደ ሕንድ ተመለሱ። አልቫሬዝ እዚያው ሕንድ ሆኖ ሌላ መርከብ ጠበቀ። ከአገሩ ከወጣ አምስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በሚያዝያ 1520 ነው ምጽዋ የደረሰው።

አዲሱ የመልእክት መሪ ሮድሪጎ ደ ሊማ ይባላል። አብረውት የወረዱት ፖርቱጋሎች ከአሥር ጥቂት የሚበልጡ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ጸሐፊ፣ ሐኪም፣ ሠዓሊና ኦርጋን መቺ ነበሩባቸው። ያ ሁሉ ዓመት የተንከራተተው ማቴዎስ ግን የላኩትን እቴጌ ዳግመኛ ሳያይ በደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ ሞተ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይጨክናል፤ በሩን ያስከፈተው ሰው ሳይገባ ይቀራል።

መንገዱ

እኛ ከሆለታ አዲስ አበባ ያለችውን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለመሄድ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ቢዘገይብን እናማርራለን። እነ አልቫሬዝ ከምጽዋ ተነሥተው የንጉሡ ሰፈር እስኪደርሱ ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ክረምቱ መንገድ ላይ አገኛቸው። ዕቃቸውን የየአገሩ ሰው እየተቀባበለ ይሸከምላቸው ስለነበር፣ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገሩ አዲስ ተሸካሚ እስኪገኝ ቁጭ ብለው መጠበቅ ነበረባቸው። በዚያ ላይ ሮድሪጎ ደ ሊማና ጆርጅ ዳብሬው የተባለው ሁለተኛው ሰው አይስማሙም። ጠባቸው በንጉሡ ፊት ሳይቀር ተሰምቷል። በመካከል ገብቶ የሚያስታርቅ፣ ሲያቅተውም ቻል አድርጎ ዝም የሚል ሰው አልቫሬዝ ነበር።

ይህን ሁሉ እየቻለ ዓይኑ ሥራ አልፈታም። ገበያ ሲገባ ምን በምን እንደሚለወጥ ይጠይቃል። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ጨው ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ደግሞ ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፏል። ይሄ እኮ ዛሬ በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የምናስተምረው የንግድ ትምህርት ነው። አንበጣ ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣ፣ ካረፈበት ማሳ ላይ ምንም ሳይተው ሲነሣ፣ ገበሬውም ልጆቹን አዝሎ ቀዬውን ጥሎ ሲሰደድ አይቶ መዝግቧል። የእህሉን ዓይነት፣ የቤቱን አሠራር፣ የቄሱን አለባበስ፣ የጾሙን ጥብቀት ሳይቀር አላለፈም። በኛ ዘንድ የየዕለት ነገር ስለሆነ ማንም የማይጽፈውን እሱ እንግዳ በመሆኑ ጻፈልን።

የሐና አክሱም

አልቫሬዝ ካያቸው ጥንታዊ ፍርስራሾች አንዱ በትግራይ የሚገኘው የየሐ ሕንፃ ነው። ከአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመውን፣ በደንብ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራውን ይህን ረጅም ሕንፃ እንደ ትልቅ ግንብ አድርጎ ገልጾታል። ዛሬ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ሕንፃው አልመቃህ ለተባለ አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ መሆኑን ያስረዳሉ። የተሠራውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ አንዱ ባንዱ ላይ ተገጣጥመው እስከ ዛሬ ከአሥር ሜትር በላይ ቆመዋል። አልቫሬዝ ይህን ሁሉ ሊያውቅ አይችልም። ያየውን ግን ባየው መጠን ጻፈ፤ ስለዚህ በ1520ዎቹ ሕንፃው በምን ሁኔታ እንደነበረ ልናውቅ ቻልን።

በአክሱም ደግሞ በንጉሡ ትእዛዝ ስምንት ወር ያህል እንደተቀመጡ ይናገራል። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቦታ የተቀመጠ እንግዳ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ይሰለቻል፣ ወይ ይመረምራል። አልቫሬዝ ሁለተኛው ነበር። የቆሙትንና የወደቁትን ሐውልቶች ዞሮ አየ። ላያቸው ላይ የተቀረጸው እንደ ደጃፍና እንደ መስኮት ያለ ቅርጽ አስደነቀው። በነገራችን ላይ ከወደቁት መካከል ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ሐውልት ነው። የድንጋይ ወንበሮቹን፣ የነገሥታት የተባሉትን የምድር ውስጥ መቃብሮችም ጎበኘ።

ከሁሉ በላይ ግን በዝርዝር የጻፈው ስለ አክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕንፃ ዛሬ የምናውቀው አልነበረም። ውስጡ በዓምዶች ተከፍሎ አምስት ረድፍ የነበረው፣ በምሥራቅ በኩል ብዙ መቅደሶች ያሉት፣ በትልቅ ቅጥር የተከበበ ሰፊ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ የምናውቀው ከሱ ጽሑፍ ነው። ይህን እዚህ ላይ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ላሊበላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቻችን በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ያየናቸው፣ ጥቂቶቻችን ደግሞ በእግራችን ደርሰን ያየናቸው ናቸው። ከታች ወደ ላይ የተገነቡ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ጠራቢው መጀመሪያ ዙሪያውን ጉድጓድ ቆፍሮ ትልቁን አለት ለብቻው ያስቀራል፤ ቀጥሎ ከጣራው ይጀምርና መስኮቱን፣ በሩን፣ በመጨረሻም ውስጡን ይፈለፍላል። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያስቀምጣል። እዚህ ግን አንድ ዓምድ በስሕተት ቢቆረጥ መልሶ መቀጠል የለም። ከአሥራ አንዱ ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከሌሎቹ ተነጥሎ በመስቀል ቅርጽ ተጠርቦ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል።

አልቫሬዝ እዚህ ሲደርስ መስፈሪያና ብዕሩን አወጣ ማለት ይቻላል። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ርዝመታቸውን፣ ስፋታቸውን፣ የዓምዶቻቸውን ብዛት፣ የመስኮቶቻቸውን አቀራረጽ ጻፈ። ከጻፈ በኋላ ግን አንድ ጭንቀት ያዘው። በአገሩ ያሉ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ውሸታም ይሉኛል ብሎ ፈራ። እስካሁን የጻፈውንም ሰው አያምንም ብሎ ስለ ሰጋ፣ የበለጠ መጻፉን ተወው። የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ፣ እውነቱ እንዲያውም ከጻፈው እንደሚበልጥ አስታወቀ። አንድ ሰው ያየው ነገር ከሚታመነው በላይ ሆኖበት ብዕሩን ሲያስቀምጥ ማየት የሚገርም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይተን እንይ። አልቫሬዝ በዓይኑ ያየው አለ፤ በጆሮው የሰማውም አለ። ያየውን በትክክል ጽፏል፤ ዛሬ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ጽሑፉን ይዞ ሊያመሳክር ይችላል። የሰማው ግን እንዲያ አይደለም። ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና የሠሩትም ነጮች እንደሆኑ ተነግሮት፣ ሳይመረምር አምኖ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ይህ አባባል በአውሮፓውያን መጻሕፍት እየተደጋገመ ኖረ። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት አይቀበሉትም። ቋጥኝ ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን መሥራት በትግራይና በላስታ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአገሩ ሰዎች ጥበብ ነው። በላሊበላ መስኮቶችና በሮች ላይም የአክሱም አሠራር በግልጽ ይታያል። ያንኑ መልክ አልቫሬዝ ራሱ በአክሱም ሐውልቶች ላይ አይቶት ነበር። ሁለቱን አገናኝቶ ቢያስብ ኖሮ መልሱ በእጁ ነበር።

ሰፋ አድርገን ስናየው ዘመኑም ይገርማል። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነግሦ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያሠራ፣ በሩቅ ምሥራቅ በካምቦዲያ ደግሞ የክመር ሕዝብ ንጉሥ ሰባተኛው ጃያቫርማን አንግኮር በተባለው ከተማው ታላላቅ የድንጋይ ቤተ መቅደሶችን ያሠራ ነበር። ሁለቱ ነገሥታት እርስ በርስ ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን ድንጋይ አናገሩ። አንግኮር በጊዜ ብዛት ተለቅቆ ደን ወረሰው። ከተማው በሕይወት ሳለ ምን ይመስል እንደነበር በዓይኑ አይቶ የጻፈልን ዦው ዳጓን የተባለ ቻይናዊ ነው። በ1296 ከመልእክተኞች ጋር ሄዶ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠና ገበያውን፣ ልብሱን፣ የንጉሡን ሰልፍ ሁሉ መዘገበ። የክመር ሰዎች በቅጠልና በቆዳ የጻፉት ብስባሽ ሆኖ ጠፋ፤ የድንጋይ ላይ ጽሑፋቸውና የዚያ እንግዳ ማስታወሻ ቀረ። ለኛ አልቫሬዝ የሆነው፣ ለክመሮች ዦው ዳጓን ነው።

በንጉሡ ሰፈር

እነ አልቫሬዝ በጥቅምት 1520 ከዓፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። ከተማ አልነበረም፤ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነበር። ዛሬ እዚህ ሰፍሮ ነገ ተነቅሎ ሲሄድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ ገበያው፣ የሹማምንቱ ሰፈር እያንዳንዱ የት እንደሚተከል የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ንጉሡ መጀመሪያ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው ቃላቸውን በሰው ብቻ ይልኩ ስለነበር፣ መልእክተኞቹ ፊታቸውን እስኪያዩ ሳምንታት ጠበቁ። ካዩዋቸው በኋላ አልቫሬዝ ዕድሜያቸውን ሃያ ሦስት ዓመት ገምቷል።

ወጣቱ ንጉሥ ጠያቂ ነበሩ። በእኩለ ሌሊት ሳይቀር ሰው እየላኩ ስለ ቅዳሴው፣ ስለ አልባሳቱ፣ ስለ ሮማ ሥርዓት አልቫሬዝን ያስጠይቁት ነበር። እሱም የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ከመሪው ከሮድሪጎ ይልቅ ቄሱ የተወደደው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከፖርቱጋል የመጣውን የዓለም ካርታ አስመጥተው በላዩ ላይ ያሉት ስሞች በአገራችን ፊደል እንዲጻፉ አዘዙ። ንጉሡ ካርታውን ሲያዩ ፖርቱጋል እጅግ ትንሽ መሆኗን አስተዋሉ። ይህች ትንሽ አገር ብቻዋን ቀይ ባሕርን ከቱርኮች ልትጠብቅ እንዴት ይቻላታል ብለው ሌሎች ነገሥታትም እንዲጨመሩ አሰቡ። የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ይፍረዱ፤ ካርታ ማንበብ ማለት ይሄ አይደለም?

በዚያው ሰፈር አልቫሬዝ ያልጠበቀውን ሰው አገኘ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል፤ የፖርቱጋል ንጉሥ በ1487 በምሥጢር ልኮት በዓረብ አገርና በሕንድ ዞሮ በዓፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ የገባ ሰው ነው። መሬትና ሚስት ተሰጠው፣ ልጆች ወለደ፤ ከአገር መውጣት ግን አልተፈቀደለትም። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እንደተቀመጠ ነው እነ አልቫሬዝ የደረሱበት። ሽማግሌው የሕይወቱን ታሪክ ለአልቫሬዝ ነገረው፤ እሱም ጻፈው። የኮቪልያን ጉዞ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በአብዛኛው ከዚያ ጽሑፍ ነው።

ጉብኝቱ ሁሉ ግን ደግ ብቻ አልነበረም። የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን ግሸን አምባን በሩቁ ሊያይ ሲጠጋ፣ ቦታው ክልክል ነውና ጠባቂዎቹ በድንጋይ ተቀብለውታል። መንገደኛ የት ድረስ መጠጋት እንደሚችል ማወቅ እንዳለበት በዚያ ተማረ።

እሳቱ

በ1521 አልቫሬዝ ሌላም ታላቅ ነገር አየ። በአማራ አገር፣ በዛሬው ወሎ፣ ዓፄ ናዖድ ያስጀመሩት መካነ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን በልጃቸው በዓፄ ልብነ ድንግል ተፈጽሞ ሲከበር እሱም ተገኝቶ ነበር። ሕንፃው በጊዜው ከአገሪቱ ሀብታም አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነበር።

የፖርቱጋል መርከብ በቀጠሮው አልመጣም። በ1523 ደርሶ የነበረው መርከብ ሊጠብቃቸው ስላልቻለ ደብዳቤ ብቻ ትቶ ሄደ፤ ደብዳቤው ደግሞ ንጉሥ ማኑኤል መሞቱን የሚያረዳ ነበር። መልእክተኞቹ እንደ አገራችን ልማድ ራሳቸውን ተላጭተው ኀዘን ተቀመጡ። በመጨረሻ በሚያዝያ 1526 ከምጽዋ ተሳፈሩ። የዓፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ የሆነው ጸጋ ዘአብም አብሯቸው ሄደ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምና በዓፄ ልብነ ድንግል መካከል የተነሣው ጦርነት በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ንጉሡ ድል ከሆኑ በኋላ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። መካነ ሥላሴ በ1531 ተቃጠለ። ሕንፃው ከመቃጠሉ በፊት ወታደሮቹ በሥራው እንደተደነቁ የጻፈልን የኢማሙ ወገን የሆነው፣ ፉቱሕ አል ሐበሻ የተባለውን መጽሐፍ የደረሰው ዓረብ ፈቂህ ነው። አስቡት፤ አንዱ ሕንፃው ሲመረቅ አይቶ ጻፈ፣ ሌላው ስለ ጥፋቱ ጻፈ። ሁለቱ በሃይማኖትም በወገንም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው፤ በሕንፃው ማማር ላይ ግን ተስማሙ። የአክሱም ጽዮንም በ1535 ተቃጠለ። ባለ አምስት ረድፉ ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ ጠፋ። ዛሬ የምናየውን ያሠሩት በ17ኛው መቶ ዓመት ዓፄ ፋሲለደስ ናቸው፤ የጥንቱ ሕንፃ መሠረት ብቻ ነው የቀረው።

መጽሐፉ

አልቫሬዝ በ1527 ሊዝበን ገባ። ከአገሩ ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። በ1533 መጀመሪያ ላይ የዓፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ለክሌመንት ሰባተኛ ቦሎኛ በተባለች የጣልያን ከተማ አቀረበ። የጉዞ ማስታወሻው ግን ቶሎ አልታተመም። በ1540 ሊዝበን ውስጥ ታተመ፤ በዚያው በ1540 ዓፄ ልብነ ድንግል አገራቸው ተቃጥሎ፣ ሠራዊታቸው ተበትኖ፣ በደብረ ዳሞ ገዳም ዐረፉ። ያ የድንኳን ከተማ፣ ያ ሥርዓት፣ ያ የሌሊት ጥያቄ ሁሉ የቀረው በወረቀት ላይ ነበር። አልቫሬዝም በዚያው ዘመን ገደማ ሞተ።

መጽሐፉ በ1550 በጣልያንኛ፣ ከዚያም በሌሎች ቋንቋዎች እየተተረጎመ በአውሮፓ ተነበበ። በእንግሊዝኛ የወጣው በ1881 ሲሆን ተሻሽሎ በ1961 እንደገና ታትሟል። ላሊበላ በ1978፣ አክሱም በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ፣ በውጭ አገር ስለነሱ ከተጻፉት ሰነዶች መካከል ከጥንቶቹ አንዱ የዚህ ቄስ ማስታወሻ ነበር።

እኛስ?

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ወዳልነው እንመለስ። አልቫሬዝ ትልቅ ሊቅ አልነበረም። ግዕዝ ያወቀ፣ ፍልስፍና የጻፈ፣ አዲስ ነገር የፈለሰፈ ሰው አይደለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ማየት፣ መቁጠር፣ መለካትና መጻፍ ነው። ይሄ ደግሞ እያንዳንዳችን የምንችለው ሥራ ነው።

ሥልጠናችንን ስንጨርስ በየወረዳው እንመደባለን። አንዳንዶቻችን መኪና የማይገባበት ቦታ ይደርሰናል። እንደ አልቫሬዝ እኛም እዚያ እንግዳ ነን፤ የአገሩ ሰው ለምዶት የማያየውን እናያለን። ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የጥንት መቃብር፣ የወደቀ ካብ፣ አሮጌ ድልድይ፣ ስሙን ሽማግሌ ብቻ የሚያውቀው ኮረብታ አይጠፋም። እዚሁ ከተማችንን እንኳ ብንወስድ ሆለታ ዓፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያሠሩባት፣ ከጣልያን ወረራ በፊት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ናት። ከሰበታም ከሆለታም የሚታየው የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለው የሱባ ደን በዓፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ችግኝ ተተክሎበታል እየተባለ ይነገራል። ዓፄ ዘርአ ያዕቆብ ማለት አልቫሬዝ ያያቸው የልብነ ድንግል ቅድመ አያት ናቸው። ይህን ከሚተርኩት ሽማግሌዎች ስንቱ ዛሬ በሕይወት አሉ? ስንቶቻችንስ ሄደን ጠይቀን ጻፍን?

ስለዚህ ከትምህርት ዕቅድ ደብተራችን ጎን አንድ ሌላ ደብተር ብንይዝ መልካም ነው እንላለን። በግራው ገጽ በዓይናችን ያየነውን፣ በቀኙ ገጽ ከሰው የሰማነውን እንጻፍ፤ ከማን እንደሰማነውም እንጨምር። አልቫሬዝ ሁለቱን በደንብ ለይቶ ቢሆን ኖሮ ያ የነጮች ሥራ ነው የሚለው ወሬ አራት መቶ ዓመት አይኖርም ነበር። መስፈሪያ ባይኖረን በእርምጃ እንለካ። ሥዕል ባንችል የበሩን አቅጣጫና የዓምዱን ቁጥር እንጻፍ። ተማሪዎቻችንንም ይዘናቸው እንሂድ፤ ከዚያ የሚበልጥ የትምህርት መርጃ መሣሪያ የትም አይገኝም።

የምንጽፈው ነገር ዛሬ ተራ መስሎ ሊታየን ይችላል። መካነ ሥላሴም በተመረቀበት ቀን ለቆመው ሁሉ ለዘላለም የሚኖር ይመስል ነበር። አሥር ዓመት ነው የቆየው።